ከካሳንቺስ እስከ መስቀል አደባባይ፦ ፈንዲቃ የባህል ማዕከል

የእኅቴ ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ከበሮ ሰምቶ መቆም የማይችል ልጅ ነበር። በጥምቀት ታቦት ሲያጅብ፣ በሠርግ ሲታደም፣ በሰፈራችን ወጣቶች ማዕከል ሲለማመድ ያደገው ይህ ልጅ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላው ስሙን ልጠቅሰው በማልፈልገው አንድ የባህል ምግብ ቤት ውስጥ በተወዛዋዥነት ተቀጠረ። ለሦስት ወራት ያህል በየምሽቱ አምስት ጊዜ ልብስ እየለወጠ የጎጃሙን፣ የጉራጌውን፣ የትግራዩን፣ የኦሮሞውንና የወላይታውን ጭፈራ አከታትሎ ያቀርብ ነበር። አብዛኛው ተመጋቢ ፊቱን ወደ ትሪው አዙሮ ይበላል፤ ደመወዙም ሲዘገይና ሲቆራረጥ ሰነበተ። በአራተኛው ወር ልብሱን መልሶ ወደ ቤት ሲገባ እናቱ፣ «ድሮስ ጭፈራ መቼ እንጀራ ሆኖ ያውቃል?» አለችው። ልጁ መልስ አልሰጣትም፤ እኔ ግን ያች ንግግር ስለከነከነችኝ በሚቀጥለው ሳምንት ይዤው ወደ ፈንዲቃ ሄድኩ። ያን ጊዜ ቤቱ ገና ካሳንቺስ ነበር።

ይህንን አስተያየት የምጽፈው ከዚያ ምሽት ጀምሮ በተለያየ ጊዜ ተመላልሼ፣ ቤቱ በነበረበትም ሆነ ዛሬ ባለበት ስፍራ ካየሁት ተነሥቼ ነው። ስለ መጠጡና ስለ ወንበሩ የምለው ጥቂት ነው፤ የማተኩረው አንድ የምሽት ቤት ለወጣቶችና ለአካባቢው ሰው ምን ሊሠራ እንደሚችል በዓይኔ ባየሁት ላይ ነው።

ፈንዲቃን ለመረዳት በመጀመሪያ ሰፈሩን ማወቅ ይጠቅማል። ካሳንቺስ ስሙን ያገኘው ጣልያን አዲስ አበባን በያዘበት ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ድርጅት ምሕፃረ ቃል፣ ማለትም «ካዛ ኢንቺስ» ከሚለው ነው። ከጊዜ በኋላ ሰፈሩ የአዝማሪ ቤቶች መናኸሪያ ሆነ። በጠባብ ክፍል፣ በዝቅተኛ ዱካ ላይ ተቀምጦ ጠጅ ወይም ቢራ የሚጠጣ ታዳሚ፣ መሐል ላይ መሰንቆውን እየመታ የሚዞር አዝማሪ፣ በድንገት የሚሰነዘር ግጥምና የሚከተለው ሣቅ የሰፈሩ መታወቂያ ነበሩ። ከተማዋ እየተለወጠች ስትሄድ ቤቶቹ አንድ በአንድ እየተዘጉ ሄዱ፤ ፈንዲቃ ግን ቆየ።

የቆየበትም ምክንያት አንድ ወጣት ነው። መላኩ በላይ በልጅነቱ ጎዳና ላይ የኖረ፣ ውዝዋዜንም በትምህርት ቤት ሳይሆን በጥምቀትና በሌሎች ክብረ በዓላት ከሕዝቡ መካከል ገብቶ እየጨፈረ የተማረ ሰው ነው። ወደ ፈንዲቃ የመጣው እዚያው እየጨፈረ ታዳሚው በሚሸልመው ገንዘብ ሊኖር ሲሆን፣ ማታ ማታ የሚተኛውም እዚያው ቤት ውስጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 ቤቱን ራሱ ተረክቦ ማስተዳደር ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ የሥዕል ማሳያ አዳራሽና ሌሎች የጥበብ ዝግጅቶች የሚስተናገዱበት የባህል ማዕከል አደረገው። ኢትዮ ከለር የተባለው የሙዚቃና የውዝዋዜ ቡድን የተመሠረተውም በእርሱ ነው። ከኔዘርላንድ ዘ ኤክስ ከተባለው ባንድ ጋር፣ ከታላቁ የሳክስፎን ሊቅ ከጌታቸው መኩሪያ ጋር፣ በአሜሪካ ቦስተን ከተመሠረተው ደቦ ባንድ ጋር መድረክ ተካፍሏል። እ.ኤ.አ. በ2020 ማዕከሉ የኔዘርላንዱን የፕሪንስ ክላውስ ሽልማት አግኝቷል፤ መላኩ ራሱም ከፈረንሳይ መንግሥት የሥነ ጥበብና የሥነ ጽሑፍ ኒሻን ተቀብሏል። ይህንን ታሪክ የምዘረዝረው ሰውየውን ለማወደስ ያህል ብቻ አይደለም፤ ቤቱ ውስጥ የሚታየው አሠራር ሁሉ ከዚህ ሕይወት የተቀዳ ስለ ሆነ ነው። በዚያ ጣሪያ ሥር ማደሪያ አግኝቶ የነበረ ልጅ ጣሪያውን ሲረከብ፣ ሥራ ፈላጊውን ወጣት የሚያይበት ዓይን ከሌላው ባለ ቤት የተለየ ይሆናል።

ወደ መጀመሪያው ምሽት ልመለስ። ክፍሉ ጠባብ ነበር፤ ታዳሚው ጉልበት ለጉልበት ተጠጋግቶ ይቀመጣል። መሰንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንትና ከበሮ በአንድነት ሲነሡ ድምፁ ደረት ውስጥ ይገባል። ከዚያም ተወዛዋዦቹ ወጡ። እኔ በባህል ምግብ ቤቶች የለመድኩት ሁሉም ተወዛዋዥ እጁን እኩል አንሥቶ እኩል የሚያወርድበትን፣ ፈገግታውም ሳይቀር የተጠናበትን አቀራረብ ነበር። እዚህ ያየሁት ለየት ይላል። ቡድኑ አብሮ ይጀምርና እያንዳንዱ ወጣት በተራው መሐል ገብቶ የራሱን ይጫወታል፤ ከበሮ መቺው የልጁን ትከሻ እያየ ምቱን ያፈጥናል ወይም ያዘገያል፤ ልጁም ከበሮውን እየሰማ ይመልሳል። አንዷ ወጣት በወሎ ስልት አንገቷን ብቻ እያንቀሳቀሰች ለረጅም ጊዜ ቆየችና፣ ታዳሚው ትንፋሹን እንደ ያዘ ድንገት ትከሻዋን ለቀቀችው። ክፍሉ በእልልታ ተናወጠ። የእኅቴ ልጅ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «አጎቴ፣ ያቺ የሠራችውን እኔ አንድም ቀን እንድሠራ አልተፈቀደልኝም» አለኝ።

ይህ አነጋገር ብዙ ነገር ገልጦልኛል። የአገራችን ውዝዋዜ በመሠረቱ የጨዋታና የምልልስ ጥበብ ነው። በሐረርጌ ሸጎዬ ወጣት ወንዶችና ሴቶች ፊት ለፊት ቆመው ጭንቅላታቸውን እያወዛወዙ ይጠያየቃሉ። በጎጃም እስክስታ አንዱ ሌላውን በትከሻው ይጋብዛል፣ ይፎካከራል፣ ያሸንፋል፤ የተሸነፈውም ስቆ ይመለሳል። በትግራይ ከበሮውን አጅበው በክብ ሲዞሩ ቆይተው ምቱ ሲለወጥ ሁሉም በአንድነት ይነሣል። ይህ ሁሉ በመድረክ ላይ በአምስት ደቂቃ ተከርክሞ ለጎብኚ ሲቀርብ ወጣቱ ቅርጹን ይማር እንጂ ምልልሱን አይማረውም። ፈንዲቃ ለወጣት ተወዛዋዥ የሚሰጠው ትልቁ ነገር በእኔ ግምት ይህ ምልልስ ነው። ባህሉን ጠንቅቆ እንዲያውቅ ይጠይቀዋል፤ ካወቀው በኋላ ግን የራሱን እንዲጨምርበት ቦታ ይለቅለታል። ራሱ መላኩ ሲጨፍር ያየ ሰው ይህንን ወዲያው ይረዳል። ትከሻው ከጎጃም ይነሣና የት እንደሚደርስ አይታወቅም፤ ሆኖም ሥሩ አንድም ጊዜ አይጠፋም።

ስለ አዝማሪውም አንድ ነገር ልበል። አዝማሪነት በአገራችን ለረጅም ዘመን ሲወደድም ሲናቅም የኖረ ሙያ ነው። በሠርጉም በድግሱም ላይ ይጠራል፤ ልጄን ላጋባው ሲል ግን ብዙው ቤተሰብ ያመነታ ነበር። ጣልያን ግን የዚህን ሙያ ኃይል አልናቀውም፤ እ.ኤ.አ. በ1937 ግራዚያኒ እየዞሩ ሕዝቡን በዘፈንና በትንቢት ያነሣሣሉ ያላቸውን አዝማሪዎችና ጠንቋዮች እንዲገደሉ አዟል። በፈንዲቃ አንድ ወጣት መሰንቆውን አንሥቶ ሲዘፍን ታዳሚው የሚሰጠውን አክብሮት ስመለከት ይህንን ታሪክ አስባለሁ። እዚያ ከሚቀመጡት መካከል የሰፈር ሰው አለ፣ ተማሪ አለ፣ ሠዓሊ አለ፣ የውጭ አገር ሰው አለ፤ ሁሉም አዝማሪው ሲጀምር ዝም ይላሉ። የእናቴ ልጅነት የአዝማሪ ልጅ ከጎረቤት ልጅ ጋር እኩል የማይቆጠርበት ዘመን ነበር፤ ስለዚህ የዚያ ዝምታ ዋጋ ለእኔ ቀላል አይደለም።

በዚህ ረገድ ፈንዲቃ ብቻውን የቆመ አይደለም፤ በዚህችው ከተማ ሌላ መንገድ የተከተለ ታላቅ ሙከራ ከእርሱ በፊት ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1996 እንግሊዛዊው የውዝዋዜ መምህር ሮይስተን ማልዱም ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በጎዳናና በድህነት ከሚኖሩ ልጆች ጋር መሥራት ጀመረ፤ ከእነርሱም መካከል የተመረጡት ለዓመታት ሠልጥነው አዱኛ የተባለውን የማኅበረሰብ ውዝዋዜ ቡድን መሠረቱ። ቡድኑ ራሱ ከሠለጠነ በኋላ ለሌሎች ልጆች፣ አካል ጉዳተኞችንም ጨምሮ፣ የሚያስተምር ሆነ። ከዚያ የወጡት ጁነይድ ጀማል ሰንዲና አዲሱ ደምሴ በዓለም መድረኮች ላይ የሚታወቁ ሆነዋል፤ ጁነይድ እ.ኤ.አ. በ2004 በሮሌክስ የጥበብ መርሐ ግብር ከጃፓናዊው የውዝዋዜ ባለሙያ ሳቡሮ ተሺጋዋራ ጋር እንዲሠራ ተመርጧል። ሁለቱም በኋላ ዴስቲኖ የተባለ የራሳቸውን ቡድን መሥርተዋል። በአዱኛ መንገድ ልጁ መጀመሪያ ያገኘው ዘመናዊውን ውዝዋዜና ሥርዓት ያለው ሥልጠና ነበር፤ በፈንዲቃ መንገድ ደግሞ መነሻው አዝማሪ ቤት፣ መምህሩ ታዳሚው ነው። እኔ የትኛው ይበልጣል ብዬ አላወዳድርም። ይሁን እንጂ ሥልጠና የሚሰጠው ድርጅት ገንዘብ ሲያጥረው ሥራው አብሮ ይዳከማል፤ በሩ በየሳምንቱ ለታዳሚ የሚከፈት ቤት ግን ወጣቱን በየሳምንቱ ያሠራዋል፣ ያስመለክተዋል፣ ይከፍለዋል። ለእኅቴ ልጅ ዓይነቱ ወጣት የሚያስፈልገው ይህ የማያቋርጥ ሥራ ነው።

እንግዲህ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካሳንቺስ ለልማት ሲፈርስ ፈንዲቃም አብሮ ፈረሰ። በመጨረሻዎቹ ቀናት ከእኅቴ ልጅ ጋር ሄደን ነበር። ግቢው ውስጥ ሰው በሰው ላይ ተደርቦ ቆሟል፤ ከፊሉ ይዘፍናል፣ ከፊሉ ያለቅሳል። ከጎኔ የቆመች አንዲት እናት በዚያ ሰፈር ተወልዳ እንዳደገች፣ ልጆቿም ማታ ማታ ከፈንዲቃ በሚሰማው ከበሮ እንቅልፍ ይወስዳቸው እንደነበረ ነገረችኝ። እንዲህ ያለ ቤት ለአካባቢው ምን እንደ ነበረ ከእርሷ ንግግር የበለጠ የሚያስረዳ አላገኘሁም። ለታዳሚው መዝናኛ ነበር፤ ለእርሷ ግን የምሽቱ ድምፅ፣ የልጆቿ እሹሩሩ ነበር።

ማዕከሉ ከዚያ በኋላ በመስቀል አደባባይ ወደሚገኘው ሃያት ሪጀንሲ ሆቴል ተዛውሮ ዝግጅቶቹን ማቅረብ ቀጠለ። አዲሱን ስፍራ መጀመሪያ ሳይ ተጨንቄ እንደ ነበር አልደብቅም። የሆቴል በር ለሁሉም ሰው እኩል አይከፈትም፤ ጥበቃው ባይከለክል እንኳ የሰፈር ልጅ ልብሱን አይቶ ራሱን ይከለክላል። የአዝማሪ ቤት ውበቱ ደግሞ ሀብታሙና ድሃው በአንድ ዓይነት ዱካ ላይ መቀመጣቸው ነው። ይህ ሥጋቴ ዛሬም ጨርሶ አልጠፋም፤ ማዕከሉ ዘላቂ የሆነ የራሱ ቤት በሰፈር ውስጥ ቢያገኝ ምኞቴ ነው። ነገር ግን ከበሮው ሲነሣ ያየሁት ያንኑ ነው። ተወዛዋዦቹ በታዳሚው መካከል ገብተው እጅ እየያዙ ያስነሣሉ፤ አዝማሪውም በጠረጴዛዎቹ መካከል እየዞረ እንደ ድሮው «ተቀበል» የሚል ሰው ይጠብቃል። እኔም በዚያ ምሽት ከቤት አዘጋጅቼ የሄድኩትን ሰጠሁት፤

ቤቱ ፈርሶ ሳለ ጨዋታው ካልቀረ፣
መሠረቱ ለካ በትከሻ ነበረ።

ተቀብሎ ሁለት ጊዜ ደገመው፤ በሦስተኛው ላይ ተወዛዋዦቹ ስንኙን በትከሻቸው አጀቡት። ከካሳንቺስ የመጡ የማውቃቸው ሰዎች ተነሥተው ሲጨፍሩ ሳይ ደስታና ኀዘን አንድ ላይ መጡብኝ።

ወደ ማዕከሉ ለመሄድ ለሚያስብ ሰው ጥቂት ነገር ልጠቁም። በየዕለቱ ተመሳሳይ ዝግጅት ስለማይኖር አስቀድሞ መርሐ ግብሩን መጠየቅ ይገባል፤ የምሽቱን ሙሉ ስሜት ለማግኘት ኢትዮ ከለር የሚጫወትበትን ቀን መምረጥ ይሻላል። ቀደም ብሎ ደርሶ ወደ መድረኩ ቀረብ ብሎ መቀመጥ በጣም ይጠቅማል፤ የእስክስታ ጥበብ በደረት፣ በአንገትና በትንፋሽ ውስጥ ያለ ስለ ሆነ ከሩቅ ሲታይ ግማሹ ይጠፋል። ለአዝማሪውና ለተወዛዋዦቹ ሽልማት የሚሆን ዝርዝር ብር ይዞ መሄድ የቆየ ልማድ ነው፤ ግንባር ላይ መለጠፉ ካሳፈራችሁ በእጅ መስጠትም ያው ክብር ነው። ግጥም የምትችሉ ሁለት ስንኝ አዘጋጁ፤ የማትችሉም አትፍሩ፣ አዝማሪው የጎደለውን ይሞላላችኋል። ስልክ አውጥቶ ሙሉውን ምሽት መቅረጽ ግን ባይደረግ መልካም ነው፤ ተወዛዋዡ የሚጠብቀው የእናንተን ዓይን ነው፣ ከመስታወት ጀርባ ያለ ዓይን ምልልሱን ያቋርጥበታል።

ከሁሉም በላይ የምመክረው ከቤታችሁ ወይም ከጎረቤታችሁ ጥበብ የሚወድ፣ ዕድሜው የደረሰ አንድ ወጣት ይዛችሁ እንድትሄዱ ነው። ልጆቻችን ውዝዋዜን በአብዛኛው የሚያዩት በተንቀሳቃሽ ምስል ላይ ተቆራርጦ ነው፤ የሚያውቁት የጉራጌ ጭፈራ የሠላሳ ሰከንድ ነው። እግሩ እንዴት እንደሚነሣ ያያሉ፣ ለምን እንደሚነሣ ግን አይነገራቸውም። አንድ ወጣት ከእርሱ በጥቂት ዓመት የሚበልጥ ሌላ ወጣት ለአንድ ሰዓት ያህል ሲያልበው፣ ከከበሮ መቺው ጋር በዓይን ሲነጋገር፣ ጨርሶም ታዳሚው ቆሞ ሲያጨበጭብለት ቢያይ ሙያው ራሱ በዓይኑ ፊት ይቆማል። ወላጆችም አብረው ቢያዩ ይጠቅማል፤ በቤት ውስጥ የሚነሣው ክርክር የሚለዝበው ብዙ ጊዜ እንዲህ ባለ ምሽት ነው።

ዋጋውን በሚመለከት፣ በካሳንቺስ የነበረው በኪስ ላይ ቀላል ነበር፤ የሆቴል መጠጥ የሆቴል ዋጋ አለው፤ ይህንን አስቦ መሄድ ነው። እኔ ከፍያለሁ ብዬ የተጸጸትኩበት ምሽት የለም። ከፍተኛ ውጤት የምሰጠው ለሙዚቃው ጥራትና ለወጣቶቹ ለሚሰጠው ነጻነት ነው፤ ቅር የሚለኝ ከሰፈሩ መራቁ ብቻ ነው፣ እርሱም የቤቱ ጥፋት አይደለም።

የእኅቴ ልጅ ዛሬ ከአምስት ጓደኞቹ ጋር በሰፈራችን ወጣቶች ማዕከል ቅዳሜና እሑድ ጠዋት ሕፃናትን ያሠለጥናል። ክፍያው ትንሽ ነው፣ ወለሉም ሲሚንቶ ስለ ሆነ ጉልበት ይጎዳል፤ ምንጣፍ ለመግዛት እያዋጣን ነው። ባለፈው እሑድ ሄጄ ስመለከት ሕፃናቱን በክብ አስቁሞ አንድ ሕግ ብቻ ሰጣቸው፤ መሐል የሚገባ ልጅ ከበሮውን ሰምቶ የራሱን ይሥራ፣ የቀሩት ያጨብጭቡለት። እናቱ በር ላይ ቆማ ለረጅም ጊዜ ካየች በኋላ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ገባች።